ስለ ገበና ወረቀታችን፦ ለደንብ ልብስ ግዢ ኃላፊው የተጻፈ

ለተከበሩ የጤና ተቋማት የደንብ ልብስ ግዢ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም አራት ወር ሙሉ ስብሰባ ላይ ናቸው እያለች በፈገግታ ስትመልሰኝ ለከረመችው ጸሐፊዎ ጤናና ዕረፍት እመኛለሁ። ያን ያህል ጊዜ ሳይነሳ የሚሰበሰብ ሰው ወገቡን ሊያመው ይችላልና፣ ወንበርዎ የሚመች፣ መደገፊያውም ለስለስ ያለ እንዲሆንልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ከመስታወት ቆራጩ ጎን ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ አሥራ አራት የስፌት መኪናና አሥራ ስድስት ሠራተኛ ይዤ የኖርኩ የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ነኝ። እርስዎ ባያስታውሱኝ አይፈረድብዎትም፤ ኮትዎ ግን በደንብ ያውቀኛል።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ክቡርነትዎን በአደባባይ ለማሳጣት አስቤ እንዳይመስልዎት። እኔ ማን ነኝና! በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ስለጠፉ፣ አራተኛው ቢጠፋ እንኳ ቢያንስ ሌላ ሰው አንብቦት ይጥፋ ብዬ ነው። የምጠይቅዎ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም መጨረሻ ላይ አስቀምጬዋለሁ። እስከዚያው ድረስ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር እንድከፍል ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ስለ ሽልማቱ።

ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ትልቅ አዳራሽ ጠርተውን፣ ሠራተኛ የማያንገላታ፣ የቀለም ፍሳሹን ወደ ወንዝ የማይለቅ፣ ደንበኛ የማያታልል ልብስ ስፌት ቤት ብለው በእጅዎ ስላበረከቱልን ባለ መስታወት ሰሌዳ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዕለቱ ያደረጉት ንግግር አንጀት የሚያርስ ነበር፤ ከሠራተኞቼ ግማሾቹ አልቅሰዋል፣ እኔም ዓይኔን ጠርጌያለሁ። ለታዳሚው ሁሉ የታደለው፣ ደረቱ ላይ ሥነ ምግባር ይቅደም የሚል ጽሑፍ የታተመበት ቲሸርት ግን የተሰፋው እኛ ዘንድ አልነበረም። የእኛ ዋጋ ወደድ ስለሚል ከከተማው ዳር ካለው ትልቁ ፋብሪካ እንደታዘዘ በኋላ ሰማሁ። በጣም ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለሚለበስ ሥነ ምግባር ማን ብዙ ይከፍላል? ለእኔ የደረሰችኝ ቲሸርት በመጀመሪያው እጥበት እምብርት ላይ ስለቀረች የመኪኖቹን ዘይት እንጠርግባታለን፤ ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ጨርቅ አላየንም። ሰሌዳው ደግሞ ከካውያው ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል፤ እንፋሎቱ ሲያልበው እንወለውለዋለን።

ሁለተኛ፦ ስለ ኮትዎ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ቤት ሲከፍት ሁለት ሕግ አወጣ። አንዱ፣ እኛ የሰፋነው ልብስ እስካለ ድረስ ሲቀደድ በነፃ እንጠግናለን የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ማንኛውም ልብስ ከቤታችን ሲወጣ፣ የሰፋው ሰው የልብሱን ጉድለት በገዛ እጁ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይክተት የሚል ነው። ኮሌታው ትንሽ ደርቋል፤ ሦስት ጊዜ ከታጠበ ይለሰልሳል። ይህቺ ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አንድ አይደለችም፤ አልቆብን ነው፤ ስናገኝ እንቀይርልዎታለን። እንዲህ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ሠራተኞቻችን የገበና ወረቀት ይሏታል። እንከን የሌለው ልብስ ሰፋሁ የሚል ሰው ካለ ያምጣልኝ፣ እንከኑን እኔ አሳየዋለሁ ይል ነበር አባቴ፤ እሱ እንደሆነ ሲናገር ማንንም አይፈራም ነበር።

ክቡርነትዎ ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጥቁር ግራጫ ኮት አሰፉን። አባቴ ራሱ ለካዎት፣ እትዬ መነጽር ሰፋችልዎ፤ ስለ እሷ እመለስበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከእኛ አንድም ነገር አልገዙም፤ ምክንያቱም ኮቱ አላረጅ አለ። ገበሩ እንደ ጤነኛ ሰው ፊት ገና ያበራል። ለጥገና ግን በሾፌርዎ እጅ አራት ጊዜ ልከውልናል፤ አራቱንም ጊዜ የተቀደደው ያው የግራ የውስጥ ኪስ ነው፤ ሦስቱን ጊዜ በነፃ ጠግነን፣ ተኩሰን መልሰናል፤ አራተኛው ገና እኛ ጋ ነው። ኪሱን ካነሳሁ አይቀር፣ ስለ ደንበኞቻችን ባጠቃላይ ልንገርዎ፤ ሁሉም እንደ እርስዎ ናቸው። አንድ ጊዜ ይገዛሉ፣ ይመርቁናል፣ ከዚያ ዓመት በዓመት ለጥገና ብቻ ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት ከሠራነው ሥራ ከግማሽ በላዩ ከዚህ በፊት ራሳችን የሸጥነውን ልብስ መጠገን ነበር።

የባለቤቴ ወንድም፣ ንግድ የተማረ ልጅ ነው፣ አንድ ቀን መጥቶ ሁሉን ነገር አይቶ፣ ችግርሽ ልብስሽ አለማለቁ ነው፤ ክሩን ትንሽ ቀጠን አድርጊው፣ ማንም አያውቅብሽም አለኝ። ያኔ ሳቅኩበት። በዚህ ወር ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አሁን አያስቀኝም።

ሦስተኛ፦ ስለ አሥራ አንድ ሰዓት።

ቤታችን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና አጥፍቶ ሰው ያሰናብታል፤ በቁራጭም አንከፍልም፣ በወር ነው። ይህንን ክቡርነትዎ በንግግርዎ አመስግነውታል። ሞተር የምንላት፣ እጇ ከመኪናው የሚፈጥን አንዲት ልጅ ነበረችን፤ እሷ ግን አላመሰገነችንም። ትልቁ ፋብሪካ በሰፉት ልክ እንደሚከፍል፣ ደግሞም ዓይን እስኪደክም ሲሠሩ ቢያመሹ የሚከለክል እንደሌለ ሰምታ ልትሰናበተኝ መጣች። ጽድቅሽን እወድልሻለሁ፣ የቤት ኪራዬን ግን በጽድቅሽ አልከፍልም፤ እኔን ከድካም ጠበቅሽኝ፣ ከችግር ግን አልጠበቅሽኝም አለችኝ። እውነቷን ነው። ደሞዟን እንዳልጨምርላት የልብሱ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ደግሞ እሷ ራሷ የሰፋችውን ቀሚስ የምትገዛበት ቀን አይመጣም።

ከሆዴ የማስቀረው እንዳይኖር የራሴንም ልናገር። ባለፈው ዓመት ለልጄ የትምህርት ቤት ሹራብ የገዛሁት፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ከመንገድ ዳር ነው። ከእኛ ሹራብ በአራት እጥፍ ይረክሳል። በየት አገር፣ በማን እጅ፣ በስንት ሰዓት እንደተሰፋ አልጠየቅኩም። ኪሱን ፈትሼ ነበር፣ ልማድ ሆኖብኝ፤ ባዶ ነው። ስለዚህ ሰው ለምን ከእኛ አይገዛም እያልኩ ክቡርነትዎ ላይ ጣት ልቀስር አልችልም፤ ከሰዉ መሃል አንዷ እኔ ነኝ። ሊጎበኙን የሚመጡት ሁሉ ግን አይረሱኝም፤ ተማሪዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ሻንጣ የያዙ እንግዶች፤ መኪኖቹን ፎቶ ያነሳሉ፣ እንዴት ደስ ይላል ይላሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ከዚያም እንዴት ደስ ይላል ብለው ይወጣሉ።

አራተኛ፦ ስለ ጨረታው።

እንግዲህ ዋናው ይህ ነው፤ ረዘም ቢልብዎ ይታገሱኝ።

መሥሪያ ቤትዎ ለሆስፒታሎች ስድስት ሺህ ጋዋን ለማሰፋት ጨረታ ባወጣ ጊዜ፣ እኛ ቤት የደስታ ድግስ ያለ ይመስል ነበር። ሥራውን ካገኘን ሁለት ዓመት እንሻገራለን፤ ካላገኘን እንዘጋለን፤ ነገሩ ይኸው ነበር። ከሠራተኛ ደሞዝ ሳልነካ ዋጋውን ለማውረድ የራሴን ደሞዝ ሰረዝኩ፤ ጨርቅ የምናስቀምጥበትን ጓዳ ለመስታወት ቆራጩ አከራየሁና ጥቅሎቹን ሳሎኔ ውስጥ ደረደርኳቸው፤ ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ በጨርቅ መሃል እየተሹለከለከ ወደ አልጋው ሄደ። ተሳክቶልኝም ዋጋዬ ከትልቁ ፋብሪካ ዋጋ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀራረበ።

ናሙናውን የሰፋችው እትዬ መነጽር ናት። መነጽሯን ከሱሪ ወገብ በተረፈ ላስቲክ ከጭንቅላቷ ጋር አስራ ስለምትውል ይህ ስም ወጣላት። ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ሰፍታለች፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያስተማረችኝ አባቴ ሳይሆን እሷ ናት። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ያላት ይህ ቤት ነው። ያንን ጋዋን ሁለት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ ሰፋችው፤ አልቆ ሲሰቀል ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን አየነው፤ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ያምር ነበር። ከዚያም አጥፋ፣ ተኩሳ፣ እንደ ሠላሳ ሁለት ዓመት ልማዷ የገበና ወረቀቷን ጽፋ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። እኔም በእጄ አሽጌ አስገባሁት። ወረቀቷ ትዝም አላለችኝ፤ በእኛ ቤት ወረቀት የሌለበት ኪስ፣ ኪስ አይመስለንም።

ኮሚቴዎ ኪሱን ፈተሸ። ለዚህም ጥንቃቄ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ከዚያ በፊት የማንንም ኪስ ፈትሾ አያውቅም ይባላል። ወረቀቷ እንዲህ ትል ነበር፦ የግራ ብብቱ ስፌት፣ በሽተኛ ሲነሳበት ሲነሳበት ከዓመት በኋላ ሊላላ ይችላል። ሲላላ አምጡት። ቀለሙም ከአርባ እጥበት በኋላ ትንሽ ይነጣል፤ እንዳትደነግጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም ያረፈበት፣ ፊርማዎ ያማረበት ደብዳቤ ደረሰን። ተጫራቹ ያቀረበው ናሙና ጉድለት ያለበት መሆኑን ተጫራቹ በራሱ የእጅ ጽሑፍ ያመነ በመሆኑ፣ ሌሎች ተጫራቾች ግን ምንም ዓይነት ጉድለት ያላሳወቁ በመሆኑ፣ ከውድድሩ ውጭ ተደርጓል ይላል። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጉድ እኮ ነው! ጉድለት የለበትም የተባለው ልብስ፣ ጉድለቱን የሚጽፍለት ሰው ያጣ ልብስ ነው። ቅሬታ ላቀርብ ብመጣ የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት በነበረው ዓርብ ማለቁን ጸሐፊዎ በትሕትና አስረዳችኝ።

አምስተኛውን ልጽፍ ነበር፤ የቀጠሮ ደብተሬ ላይ አስፍሬውም ነበር፤ አሁን ግን ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። በምትኩ የሰሞኑን አንድ ነገር ልንገርዎ። አንዲት ነርስ ከሥራ ስትወጣ እኛ በር ላይ ጥገና የሚለውን አይታ ገባች። አሸናፊው ፋብሪካ የሰፋላቸውን አዲሱን ጋዋን ለብሳለች፤ እጅጌው ከትከሻው ተለይቶ በሦስት ክር ተንጠልጥሏል። በሽተኛ ደግፌ አልጋ ላይ ሳወጣ ነው እጄ ላይ የቀረው አለችን። ስፌቱን ሳየው አወቅኩት፤ የሞተር እጅ ነው። ያቺ የመሰለች ሰፊ፣ አንዷን እጅጌ በስንት ደቂቃ እንድትጨርስ ቢያስገድዷት ነው እንዲህ የሰፋችው? የእኛ ልብስ ስላልሆነ የመጠገን ግዴታ አልነበረብንም። እትዬ መነጽር ግን ተቀብላ ጠገነችላት፤ ሌላኛውንም እጅጌ ሳይጠየቅ አጠበቀችው።

ልብ ይበሉልኝ፤ ወረቀት አልጻፈችም። ደብዳቤዎን ካነበበች ጀምሮ ለሦስት ሳምንት አንድም የገበና ወረቀት አልጻፈችም። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ያህል ደብቄባት ነበር፤ ግን ያቺ ሴት ቤት ውስጥ የወደቀ የክር መጠቅለያ እንኳ አንስታ የምታነብ ናት። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ በሠላሳ ሁለት ዓመት በሥራ ሰዓት ስታወልቀው ያየኋት ያን ቀን ነው። ከዚያም ጠየቀችኝ። ወረቀቷን ባላስገባ ኖሮ እናሸንፍ ነበር ወይ? አባትሽን ቀበርኩ፣ አሁን ደግሞ ቤቱን በገዛ እጄ ዘጋሁት ወይ? አለችኝ። አይደለም፣ ምን በወጣሽ አልኳት። አየችኝ። በእኛ ቤት አንዱ ሌላውን አይዋሽም፤ ስለዚህ እውነቱን ሳላውቅ አይደለም ማለቴን ወዲያው አወቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳዋን ከእኛ ጋር አትበላም። ልጆቹ ሲያዩዋት ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ይህ ደግሞ ይብስባታል። ሌት ተቀን የሚያንገበግበኝ ይህ እንጂ መኪኖቹ አይደሉም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ መጨረሻ ላይ አስቀምጫለሁ ያልኩት ጥያቄ ይኸውልዎ። ጨረታውን መልሱልን አልልም። ሥራው ሄዷል፤ የቤቱ ኪራይ ውል በሚመጣው ዓርብ ያልቃል፤ መኪኖቹን የትልቁ ፋብሪካ ሰዎች መጥተው አይተዋቸዋል፣ ከአሥራ ስድስቱ ሠራተኞቼ ዘጠኙ እዚያው ፋብሪካ ተመዝግበዋል፤ በአሥራ አንድ ሰዓት የሚያሰናብታቸው ግን የለም። ይህን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ቢሉት አይደንቀኝም፤ ለምጄዋለሁ። የምለምንዎ ለእትዬ መነጽር አንዲት መስመር እንዲጽፉላት ብቻ ነው። ጨረታው ወረቀቷ ከመገኘቷ በፊት አልቆ የነበረ ነገር ከሆነ፣ ወረቀቷ ባትኖርም ሌላ ሰበብ ይገኝ ከነበረ፣ ያቺን እውነት በወረቀት አስፍረው፣ ማኅተም ባይኖራትም ግድ የለም፣ ይላኩላት። ለክቡርነትዎ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት። ለእሷ ግን ቀሪ ዕድሜዋን ቤት ያፈረሰች ሴት ነኝ እያለች እንዳታሳልፍ ያደርጋታል። እንደማይጽፉላት አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን መስመር የሚጽፍ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ብዙ አይቆይም፤ እርስዎ ደግሞ ብዙ ቆይተዋል። ቢሆንም ጠየቅኩ፤ ሳልጠይቅ ቀረሁ ብዬ ደግሞ እኔ እንዳልቆጭ።

ላሳዩን አርቆ አሳቢነት፣ ለመስታወቱ ሰሌዳ፣ ለቲሸርቷና ኪስ ለፈተሸው ኮሚቴ በድጋሚ እጅ እየነሳሁ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ሥነ ምግባር ያለው ሌላ ቤት አግኝተው እንዲሸልሙ፣ እስኪዘጋም ድረስ እንዲያመሰግኑት በመመኘት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአባቷን ሕግ መለወጥ ያቃታት፣
የልብስ ስፌት ቤቱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለጸሐፊዎ፣ ስብሰባው ሲያልቅ እንድታነብልዎ፤
ለመዝገብ ቤቱ፣ እንደተለመደው እንዲያጠፋው፤
ለአባቴ፣ ላሳፈርኩት ነገር ሁሉ።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ኮትዎ ተጠግኖ ደርሷል። ሾፌርዎ ያመጣው የእኛ መውደቅ በተነገረን ማግስት ነበር። የጥገና መዝገባችንን ገልጬ ሳይ፣ ኪሱ የመጀመሪያ ጊዜ የተቀደደው የአንሶላው ጨረታ አሸናፊ በታወቀ ሰሞን ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ የብርድ ልብሱ፣ ሦስተኛ ጊዜ የጫማው፤ አራተኛውን ያውቁታል። እኔ ምንም አላልኩም። እትዬ መነጽርም ይህን መዝገብ አላየችውም፤ ኮቱን ብቻ ሰኞ ዕለት ከፊቷ ዘርግታ ኪሱን ገልብጣ መረመረችው፤ ከዚያም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ጠየቀችኝ። የጻፈችው ኪሱ ውስጥ አለልዎ፤ ኮሚቴዎ እስኪፈትሸው እንዳይቸገሩ እኔ እዚህ ልገልብጥልዎ፦ የግራ የውስጥ ኪስ፣ አራተኛ ጊዜ። ስፌቱ ጉድለት የለበትም፣ ጨርቁም ጤነኛ ነው። የሚከተትበት ነገር ነው የበዛበት። ወፍራም ጨርቅ አድርጌበታለሁ፤ ቢሆንም ይቀነስለት። ሲቀደድ አምጡት።

ሂሳብ የለብዎትም። እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ያስወስዱት፤ ከዚያ በኋላ የሚጠግንልዎ የለም።